ፈትለወርቅ የተባለችው ልጅ

ትርፍነሽ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ስትወጣ ከስሟ በቀር የምታፍርበት ነገር አልነበራትም። ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ በምትባል ከተማ አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር፣ የአዲስ አበባ ልጆች "ትርፌ፣ አንቺ ደግሞ ከየትኛው ገበያ ነው የተረፍሽው?" ይሏት ነበር። አብራ ትስቃለች። ሰው ሲበተን ግን አታናግረኝም።

ኋላ ጄኔቭ ሄደች። ሻትሌን የሚባል ሰፈር ቤት አገኘች፤ ቨርሷ በምትባል በአቅራቢያዋ ባለች ከተማ ደግሞ እትዬ ኂሩት ዘንድ ሞግዚት ሆና ገባች። እትዬ ኂሩት የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ናቸው። ልጃቸውን ያኔት ብለዋታል። ትርፍነሽ ከዚያ የሚያምር ስም ሰምታ አታውቅም፤ ራሷ ስትወልድም ያኔት አለቻት።

እናቷ ከወረኢሉ ደውለው ለመኗት።

"ፈትለወርቅ በያት ልጄ። የእናቴ ስም ነው። ስም የማወጣላት ሌላ የልጅ ልጅ የለኝም።"

"መሳቂያ ላድርጋት እማዬ? በእኔ ላይ ያወጣሽው አይበቃሽም?"

ይህንኑ ለእትዬ ኂሩት እንደ ቀልድ ነገረቻቸው። "ፈትለወርቅ!" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የልጃቸው ሞክሼ መምጣቷ ግን አላሳቃቸውም። "ያንቺዋን ትንሿ እንበላት፤ እንግዳ ሲመጣ እንዳይምታታ" አሉ። በዚያ ቤት ልጅቷ ትንሿ ሆና ቀረች።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ኂሩት ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለዱ። የክርስትናው ዕለት ትርፍነሽን ላግዛት ከዙሪክ በባቡር መጣሁ።

"ስሟን ማን አላችኋት?" አለች አንዷ እንግዳ።

"ፈትለወርቅ" አሉ እትዬ ኂሩት።

"ውይ ሲያምር! ከየት አመጣሽው?"

"ከድሮ ነዋ። ያኔትማ አሁን የሠራተኛ ሁሉ ልጅ ስም ሆነ። ቤተ ክርስቲያን አንዷን ስትጠሪ አራት ይዞራሉ።"

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ትርፍነሽ የወጡን ሳህን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። አስቀመጠችና የምታለቅሰውን ሕፃን ተቀብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ተከተልኳት።

የትርፍነሽ እናት ከወረኢሉ የደወሉት ያኔ ነው። እጇ ስላልተፈታ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁላት።

"እሹሩሩ ፈትለወርቅ፣ በቃ ፈትለወርቅ" ትላለች ትርፍነሽ።

እናትየው ሰምተው እልልታቸውን አቀለጡት። "ሌላ ወለድሽ? አወጣሽላት ስሙን?"

"የእትዬ ልጅ ናት እማዬ። የኔ አይደለችም።"

 

"ሀብታም ናቸው?"

"አዎ።"

"ተመስገን። የእናቴ ስም ደህና ቤት ገባ" አሉ። ቀጥለው፣ "ያንቺዋ ደግሞ፣ ማን ነበር ስሟ?"

ትርፍነሽ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እስክታገሳ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋት ጀመር።