የኪኑዮ የማር ፕሪም

በከተማችን በሚናቤ ሰው ሁሉ ፕሪም በጨው ዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ጎረቤቴ ኪኑዮ ግን ከጨዉ አውጥታ ጥቂቱን ባሕር ውስጥ በሚበቅል ቅጠል፣ ጥቂቱን በማር ታጣፍጠዋለች። አማቷ ቶሜ ይሄን አይወዱም።

«ፕሪም ፊት ካላጨማደደ ምኑን ፕሪም ሆነ? ይሄ የልጅ ከረሜላ ነው!» ይሏታል።

ኪኑዮ ግን ሁሉንም ዓይነት በየማዕዱ ከሩዙ ጎን ታቀርባለች።

ባለፈው ምሳ ጋበዙኝ። እጄን ወደ ማር ፕሪሙ ማሰሮ ስሰድ ቶሜ በመብያ እንጨታቸው ጣቴን መቱኝ።

«አንተ የጨዉን ብላ!»

«እማማ፣ ይሄ የልጅ ከረሜላ አልነበረም እንዴ?»

«ነው እንጂ! በዘጠና ዓመቴ ከረሜላ ልትከለክለኝ ነው?»

ማሰሮው ውስጥ የቀረው አንድ ፍሬ ነበር።

ኪኑዮ ቀና አለች። «እማማ፣ ለከርሞ ስንቱን በማር ላድርገው?»

አሮጊቷ የመጨረሻዋን ፍሬ ጎረሱ።

«ሁሉንም!»