በሁለት ቋንቋ የተባለ ግዝት

ዓይናዲስ ምሳው የመልቀቂያ ደብዳቤዋን የተቀበለችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር ሥራ መጀመር አለባት። ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ከሰቆጣ ባሕር ዳር መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ በዚያ ሳምንት አውቶቡስ የሚነሣው ደግሞ እሑድ ጠዋት ብቻ ነበር።

በመሀል ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ የቤተሰብ የንባብ ቀን ነው። ዝግጅቱን የጀመረችው እሷ ስለሆነች ጥላው ልትሄድ አልፈለገችም።

ዓይናዲስ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥራ አራቱን ያሳለፈችው በከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ መጽሐፍ በማዋስ፣ በኋላ በሕፃናት ክፍል ኃላፊነት። የሕፃናት ክፍል የሚባለው አራት አጫጭር ጠረጴዛና ሁለት መደርደሪያ ያለው አንድ ክፍል ነው። በጦርነቱ ዓመት ከባሏ ከዓለምነህና ከልጃቸው ከብርሃን ጋር ባሕር ዳር ተሰደደች። ከተማው ሲረጋጋ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሥራው ይመለስ ተባለ። ዓለምነህ እዚያ የቀያሽነት ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ብርሃንም ትምህርት ጀምራለች።

«አንቺ ሂጂ፤ ዝውውር እስኪገኝ ነው» አላት።

«እስኪገኝ» ሲባል አራት ዓመት ሆነ። ብርሃን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥር ሞልቷታል። በመካከሉ እናትና ልጅ የተያዩት አምስት ጊዜ ነው።

ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቃ ሦስቴም «ምትክ ሲገኝ» ተባለች። የዋግ አገዎችን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ የሚናገር ሰው ሰቆጣ ውስጥ ሞልቷል። በኽምጣና የተጻፈውን አንብቦ ወዲያው በአማርኛ የሚመልስ፣ በአማርኛ የተባለውንም መልሶ ለገጠር ሰው የሚያስረዳ ግን እሷ ብቻ ነበረች። ቋንቋውን ከእናቷ ይዛዋለች፤ ንባቡን የተማረችው ግን በራሷ ነው። ሥራዋን ባበጀች ቁጥር ምትኳ ይርቃል። በአራተኛው ዝውውር መጠየቁን ትታ፣ ባሕር ዳር የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ላይ ተወዳድራ አሸነፈች። አለቃዋ አስማረ ደብዳቤውን አገላብጦ አይቶ ፈረመ።

«አሁንማ ምን ላድርግ፤ ሕግ ነው» አለ።

የቅዳሜው ዝግጅት አንድ ደንብ አለው። ደንቡን ያወጣችው ዓይናዲስ ናት፤ በቀይ ማርከር ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፦ ሳይተረጎም የሚያልፍ ቃል የለም። ልጅ በአማርኛ ቢያነብ በኽምጣና ይመለሳል። አያት በኽምጣና ተረት ቢያወራ በአማርኛ ይመለሳል። የከተማው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ኽምጣና አይሰማም፤ ከገጠር የመጣው ሽማግሌ ደግሞ የመጽሐፍ አማርኛ ይከብደዋል። ደንቡ ሁለቱን አንድ አግዳሚ ላይ ያስቀምጣል። ለዚህ ነው ሰው የሚመጣው።

በዚያ ቅዳሜ ሰባ ያህል ሰው ገባ። የማር ነጋዴዋ ይታየሽ ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ስለ ቀበሮ የሚያወራ ገጽ በአማርኛ አነበበና እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ።

«እጅህን አውጣ! ሰው ፊት እንዲህ ይቆማል?» አለች እናቱ። ዓይናዲስ ይህንንም ወደ ኽምጣና መለሰችው። አዳራሹ ሳቀ።

ከዚያ ምስራቅ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። ያደገችው ጋዝጊብላ በሚባል ገጠር ነው፤ እሷ ለትምህርት ሰቆጣ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አያቷ አያ ኪዳኑ አንድ ቀን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምስራቅ በኽምጣና የተጻፈ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ አነበበች። ያስተማረቻት ዓይናዲስ ናት፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። አያ ኪዳኑ ልጅቷ ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው ገልብጠው አዩት፤ ጀርባው ባዶ ነበር።

«ይሄ ነው እንዲህ የሚያወራው?» አሉ።

መጨረሻ ላይ አስማረ ማይኩን ያዘ።

«ዓይናዲስ ነገ ትለየናለች። ባሕር ዳር ሥራ አግኝታለች» አለ። አንድ ጋቢ አለበሷት። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ አላጨበጨበም። «እንግዲህ አንድ አባት ይመርቁልንና እንለያይ።»

«አያ ኪዳኑ ይመርቁን» አለች ዓይናዲስ። የመረጠቻቸው ራሷ ናት። ሽማግሌ ሲነሣ ለመንገደኛ ይመርቃል፤ ሌላ ነገር ይመጣል ብላ አላሰበችም።

ሽማግሌው ተነሡ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ይሉና ይቆማሉ፤ እሷ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። ሲነጋገሩ አምሽተው እንደሚያውቁ ሰዎች ተግባቡ።

«ሦስት ልጆች ወልጃለሁ» አሉ። መለሰች።

«ሦስቱም ባሕር ተሻገሩ።» መለሰች።

«መምህር መጣ፣ ሄደ። ሐኪም መጣ፣ ሄደ። የከብት ሐኪሙ እንኳ ከብቱን ሳያይ ሄደ።» ይህን ስትመልስ የከተማው ሰው ሳቀ። የገጠሩ ቀድሞ ስቋል።

«ይቺ ልጅ መጥታ ወረቀቱን በእኛ አፍ አናገረችው።» መለሰች።

«እንግዲህ ዓይናዲስ ልጆቹን በትና ከዚህ ቤት ብትወጣ፣ ከከተማው ብትሄድ፣ በቅዱስ ሚካኤል ገዝቻለሁ።»

«አሜን!» አለ ኽምጣና የሚሰማው ግማሽ አዳራሽ። ሌላው ግማሽ የእሷን አፍ እያየ ይጠብቃል።

«መንገድሽን ያቅናልሽ» ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ግን አፏ አሥራ አራት ዓመት የለመደውን ሠራ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ስሟን ሳትዘል፣ የታቦቱን ስም ሳትዘል መለሰችው። ገዝቻለሁ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተለወጠም።

«አሜን» አለ ቀሪው።

በዋግ ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። በግዝት የድንበር ጠብ ይቆማል፤ የጠፋ በሬ በግዝት ይወጣል። የገዘተው ሰው እስኪፈታው የተገዘተው ታስሮ ነው የሚኖረው። ጥሶ የሄደ ሰው ያገኘው መከራ ከተነገረ፣ የሚሰማው ሁሉ አንድ የሚጨምረው አያጣም።

ሰው ሲበተን አስማረ ወንበር እየደረደረ ነበር።

«እኔ አራት ዓመት በደብዳቤ የያዝኩሽን ሰውዬው በአንድ ቃል ያዙሽ» አላት።

«አትቀልድ።»

«ቀልድ አይደለም እኮ። ሂጂና ያስፈቱሽ። ሳይመሽ ድረሺባቸው።»

አያ ኪዳኑን ያገኘቻቸው ምስራቅ በተከራየችው ክፍል ደጃፍ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሎ ሲበሉ ነው። ምስራቅ ልብስ ታጥባለች። በኽምጣና ተነጋገሩ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለቻቸው።

«ተቀመጪ መጀመሪያ። ቆሎ ያዢ።»

«ነገ ማለዳ መኪና አለኝ። ልጄ ባሕር ዳር ናት። አሥር ዓመቷ ነው።»

«የምስራቅ እናት ጅዳ ናት» አሉ ሽማግሌው። «ስትሄድ ይቺ ጡት አልጣለችም።»

«እንግዲያው ያውቁታል።»

ሽማግሌው ቆሎ መብላቱን አቆሙ። ምስራቅም እጇን ሳፋው ውስጥ እንደከተተች ቀረች።

«አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ እንዳለሽ ማንም አልነገረኝም። ባውቅ አፌን አላነሣም ነበር። እፈታሻለሁ።»

ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል በእጃቸው አቆሟት።

«እዚህ አይደለም። ሰው ፊት ያሰርኩትን ሰው ፊት ነው የምፈታው። አሜን ያለው ይሰብሰብና ይፍቷት ይበለኝ፣ እኔም ልፍታሽ።»

«ሰዉ ተበትኗል እኮ! ግማሹ ገጠር ገብቷል።»

«ለሚካኤል ይመጣል።»

«ለሚካኤል አሥራ ስድስት ቀን አለ፤ እኔ ሰኞ ነው የምፈለገው። አሁን ይበሉኝ፣ ምስራቅ ትስማ፣ እግዜር ይስማ።»

«ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ብፈታሽ የእኔ ቃል ነው የሚፈታው። አሜን ያሉት ሰባ አፎችስ? አንቺስ? በአማርኛ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ የእርስዎን ቃል ነው የመለስኩት!»

«እሱን እኔ አላውቅም። አማርኛውን አልሰማሁትም፤ አሜን ሲሉ ግን ሰምቻለሁ።»

ተንኮል አልነበረባቸውም። ስትነሣ እስከ መንገዱ ሸኟት፤ የሚካኤል ዕለት በጠዋት ደብሩ በር ላይ እንደሚቆሙ ማሉላት። ዓይናዲስ ባሕር ዳር ደወለችና አሥራ ስድስት ቀን እንዲጠብቋት ለመነች። የሰው ኃይል ሠራተኛው በትሕትና አይቻልም አላት። ለዓለምነህ ደወለች።

«በሽማግሌ ወሬ ልጅሽን ልትተዪ ነው?» አለ ዓለምነህ። «ነገ ተሳፈሪ።»

«ወሬ አይደለም፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ። ተሳፈሪ።»

ፈርታለች፤ አባቷም እናቷም የሚፈሩትን ነው የፈራችው። ሻንጣዋን ግን ዘጋችው።

እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ነበረች። ሻንጣዋ አውቶቡሱ ላይ ተጫነ። ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሣ። ያኔ ይታየሽ ሁለት የማር ጀሪካን ይዛ ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች። ወልድያ ለገበያ መሄዷ ነው።

«አንቺ! እሰይ፣ እሰይ። ፈቱሽ ማለት ነው?»

«ፈተውኛል» አለች ዓይናዲስ።

«መቼ?»

«ትናንት ማምሻውን።»

«እኔን ሳይጠሩኝ? አሜን ያልኩት እኔ አይደለሁ? ማን ነበረ?»

«ምስራቅ ነበረች።»

«ልጅቷ ብቻ?» ይታየሽ ወደ ኋላ ዞረች። ድምፅዋ የገበያ ድምፅ ነው። «ኧረ ሰዎች፣ ግዝት በልጅ ፊት ይፈታል እንዴ?»

«የምን ግዝት?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ይታየሽ ነገረቻቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስሟን ሳትዘል፣ የታቦቱን ስም ሳትዘል።

«ኽምጣና ታውቂያለሽ ለመሆኑ?» አላት ሰውየው።

«እኔ የት አውቄ! እሷው ናት በአማርኛ የነገረችን።»

አውቶቡሱ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። መንገዱ ያን ሰሞን የሚታወቅ አልነበረም፤ ማን የት እንደሚያስቆም፣ ማን አልፎ ማን እንደሚቀር አይታወቅም። የመጣው ሁሉ ሲነሣ አማትቦ ነው።

«በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ግዝት እንጫን?» አለች አንዲት አሮጊት።

«ሾፌሩ ራሱ ጠላ አልጠጣም ብሎ ተገዝቶ ትናንት ሲጠጣ አይቼዋለሁ» አለ አንዱ። የተወሰኑት ሳቁ። አሮጊቷ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

«እንግዲያው እኔን አውርዱኝ» አለች። ሁለት ሰዎች ተከትለዋት ተነሡ። ከዚያ አራት።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መጣ።

«እህቴ፣ እኔ አላምንበትም» አለ ዝቅ ብሎ። «ግን ሰው እየወረደብኝ ነው። ውረጂልኝ፤ የቲኬትሽን እንመልሳለን።»

«ባሕር ዳር ልጅ አለችኝ።»

ይታየሽ ጣቶቿን እያፍተለተለች ወደ ጀሪካኖቿ ታያለች።

«እኔም አሉኝ» አለች ቆይታ። «አራት ናቸው። በሰላም ልመለስላቸው። አትቀየሚኝ፣ ዓይናዲስ።»

ወረደች። ሻንጣዋን ከላይ ሳይጥሉ፣ ተቀባብለው አወረዱላት። አውቶቡሱ ሲነሣ ይታየሽ በመስኮት ብቅ ብላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ ሰጠቻት፤ ቁርስ እንዳልበላች ገምታ ነው። ዓይናዲስ ተቀበለችው። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ፤ ድምፁም ጠፋ።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ብርሃን ነበረች።

«እማዬ፣ የት ደረስሽ?»

«ሰቆጣ።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

ከልጅቷ ኋላ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል።

«እሺ» አለች። «ስትነሺ ደውይ።»