በሶፎኒያስ ሆድ ውስጥ ያለው ደላላ

ሶፎኒያስን ድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ ውስጥ የማያውቀው የለም። የሰሊጥ ጆንያ ሲሸከም ያየው ሁሉ "ጎሽ!" ይላል፤ ሲበላ ያየው ግን ዝም ይላል። ምን ይበል? በአንድ ሰሓን የዓሲዳ ገንፎ አብረውት የሚቀርቡት ተሸካሚዎች፣ እሱ እጁን ታጥቦ እስኪመለስ ቶሎ ቶሎ መጉረስ ልማዳቸው ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ! የሰው ሸክም አይቶ የማያልፍ የዋህ ልጅ ነው። ብቻ ሆዱ አመል የለውም።

ይኸው ሰው ዶካ ከተማ የምትኖረውን ኤልሳን ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ችግሩ ያሳደገቻት አክስቷ እትዬ ሙሉዬ ናት። ሽማግሌ ቢላክባት፣ "ሆዳም ነው አሉ። ለሆዳም ልጅ አልሰጥም! እሑድ ለምሳ ይምጣና ሲበላ በዓይኔ ልየው" ብላ መለሰች።

ሶፎኒያስ እንቅልፍ አጣ። ጓደኛው ዘማርያም አገር ቤት ሳለ ነርስነት ጀምሮ ያቋረጠ ነውና ሄዶ አማከረው።

"ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም" አለው ዘማርያም። "በጨጓራህ ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ሆድህ ባዶ ሲሆን፣ የለመድከው የምግብ ሰዓትም ሲደርስ ይበዛል። በደም ተሳፍሮ አንጎልህ ድረስ ይሄድና 'ራበን' ይላል። ስትበላ ይቀንሳል።"

"ደላላ ነዋ!"

"እ?"

"ደላላ ነው እንጂ! ራሱ አይበላ፣ አይሸከም፤ እዚህና እዚያ እየሮጠ ሰው ያጣድፋል። ወላሂ፣ የፈረንጅ ስም አውጥቶ ሆዴ ገብቷል! ቀድሜ ካጠገብኩትስ?"

"ዝም ይላል" አለ ዘማርያም። ምነው ባላለ!

እሑድ ሶፎኒያስ ከሽማግሌው ከጋሽ አክሊሉ ጋር ዶካ ከባስ ወረደ። እዚያው መውረጃው አጠገብ ካለ ፉል ቤት ገባና፣ ጋሽ አክሊሉ "ኧረ ተው፣ ምሳ ተጠርተናል!" እያሉት አንድ ሰሓን ፉል ጠረገ። ደላላው እንዳይነሳበት ሁለተኛ ጨመረ። ሲነሳ ቀበቶው አልቆለፍ አለው።

እትዬ ሙሉዬ ከንጋት ጀምራ ስትሠራው የዋለችው የበግ ወጥ ቀረበ። ሽታው ጉድ ነው። ሶፎኒያስ ግን ሁለቴ ቆርሶ እጁን ሰበሰበ።

"ብላ እንጂ፣ በሞቴ!" አለች።

"በቃኝ፣ እትዬ።"

ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ተነሳች። እሱ ደግሞ አፉን በእጁ ከደነ። ጉድ ፈላ! ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ጋሽ አክሊሉ ጣራ ጣራውን አዩ፤ ከአክስቷ አጠገብ የቆመችው ኤልሳ አንገቷን ደፋች።

"ሆዳም ሲሉህ ሰምቼ ነበር" አለች እትዬ ሙሉዬ፣ ጉርሻውን ትሪው ላይ እየመለሰች። "ምግቤን የምትጸየፍ ኩሩ መሆንህን ግን ማንም አልነገረኝ። ጋሽ አክሊሉ፣ የምሰጠው ልጅ የለኝም፤ ሂዱልኝ።"

ሶፎኒያስ እንባው መጣ። የፉሉን ነገር እንዳይናገር፣ ሆዳምነቱ ሊረጋገጥ ነው፤ ዝም እንዳይል፣ ኤልሳ ማምለጧ ነው።

ቤቱ ጭጭ ባለበት ድንገት ሆድ ጮኸ። ጩኸቱ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ነው! ሁሉም ወደ ሶፎኒያስ ዞረ። እሱ ግን የራሱን ሆድ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰሓን ፉል ታቅፎ ተኝቷል። ድምፁ የመጣው ከፊት ለፊቱ፣ ከእትዬ ሙሉዬ ነጠላ ሥር ነው። እሷ እንግዳ ሳይጠግብ አልቀምስም ብላ ከጠዋት ጀምሮ አፏ ላይ ምንም አላደረገችም። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሶፎኒያስ አንጀቱ አልቻለም።

"ይቅርታ፣ እትዬ" አለ ሆዱን ይዞ። "የኔ ነው። ሆዳም ነኝ፤ እውነታቸውን ነው።"

ጋሽ አክሊሉ "አበላሸኸው!" ብለው ግንባራቸውን እየመቱ ለመሄድ ተነሡ። እትዬ ሙሉዬ ግን ትኩር ብላ አየችው። የማን ሆድ እንደጮኸ እሷ ታውቃለች። ኤልሳም ታውቃለች፤ ከሳቋ ጋር ትታገላለች።

"ተቀመጡ" አለች እትዬ ሙሉዬ በመጨረሻ። ጉርሻውን እንደገና አነሳች። "ብላ፣ ልጄ።"

ልጄ! ሶፎኒያስ አፉን ከፈተ። ደላላው የለ፣ ቦታ የለ፣ እስከ ጉሮሮው ፉል ነው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይርበው በላ።