ከማካሃ የመጣችው አለቃ

ሶሬቲ ብሉሚንግተን ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ስትቀጠር፣ ሱፐርቫይዘሯ ሌይላኒ የምትባል የሃዋይ ሴት ነበረች። ከመጀመሪያው ቀን ዓይንና ናጫ ሆኑ። ሶሬቲ ያጠፈችውን አንሶላ ሌይላኒ ዘርግታ፣ «እንደገና!» ትላታለች። ሶሬቲ በኦሮምኛ ትራገማለች፤ ሌይላኒ ቃሉ ባይገባትም መረገሟ አይጠፋትም።

ሌይላኒ ከጠረጴዛዋ በላይ የባሕር ዳርቻ ፎቶ ሰቅላለች፤ ቤት የሚያክል ማዕበል፣ አናቱ ላይ በመንሸራተቻ ሳንቃ የቆመች ኮረዳ። አንድ ቀን ሶሬቲ ትኩር ብላ ስታየው ሌይላኒ ደረሰችባት።

«ማካሃ ነው፣ አገሬ። ትርጉሙ ጨካኝ ማለት ነው» አለቻት። «ድሮ ሽፍቶች ነበሩበት ይባላል። መንገደኛው ብዙ ሲሆን ጠባቂያቸው ‹ባሕሩ ሞልቷል!› ይላል፣ ይደበቃሉ። ጥቂት ሲሆን ‹ባሕሩ ጎድሏል!› ይላል፣ ወርደው ይዘርፋሉ፣ ይገድላሉ።»

«ዘር ከልጓም ይስባል» አለች ሶሬቲ። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠየቅም አልደበቀችም። ከዚያ በኋላ እሳት የሚተፋው መተኮሻ ማሽን የእሷ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሰመር ሠራተኞቹ ሐይቅ ዳር ፒክኒክ ወጡ። ሌይላኒ በሳንቃዋ ቀዝፋ ተመለሰችና፣ «ይሄ የሳፋ ውሃ ነው» ብላ ሐይቁን ናቀችው። ወደ ሶሬቲ ዞራም፣ «አንቺ ሳፋም ትፈሪያለሽ» አለች። ሁሉም ሳቀ።

ሶሬቲ ዋና አትችልም፤ እልህ ግን አላት። ከነቀሚሷ ገባች። ውሃው ደረቷ ጋ ሲደርስ እግሯ መሬት ሳተ፣ ሰመጠች።

ፀጉሯን ይዛ ጎትታ ያወጣቻት ሌይላኒ ናት። ሳንቃው ላይ በሆዷ ጣለቻትና፣ «ሞኝ! እሑድ ነይና ተማሪ» ብላ ጮኸችባት።

«ከአንቺ?»

«ሌላ ማን ያስተምርሻል?»

ሶሬቲ ለእልኋ ሄደች። ሰመሩን ሙሉ እየተሰዳደቡ መንሳፈፍና መቅዘፍ ተማረች፣ ሳንቃ ላይ መቆምም ሞከረች። «ለውሃ ጀርባሽን አትስጪ!» ትላታለች ሌይላኒ። ሰኞ ላውንድሪው ውስጥ ግን ያው ጠብ ነው። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሶሬቲ ብቻዋን ሐይቁን አቋርጣ ተመለሰች። ሌይላኒ፣ «ክንድሽ ጠማማ ነው» ብላ ሄደች።

በዚያው ዓመት በረዶ ሲጀምር ሶሬቲ ሌላ ሥራ አግኝታ ሳትሰናበታት ወጣች። ከዓመት በኋላ ሲዋርድ ሰፈር ውስጥ ዕቃ ሲገዙ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ተያዩና ተላለፉ።

«ማናት?» አለ ባሏ ያደታ መኪናውን እያስነሳ።

«ከውሃ ያወጣችኝ።»

«ታዲያ ሰላም አትያትም?»

«እሷስ አለችኝ?» አለችና ቀበቶዋን አሰረች። «ድራይቭ አድርግ።»