ጠዋት ታኬታ የማይሸጡት እማማ

ሌላው ሰው ሰላም ሲል ፊት ያያል፤ እማማ ታኬታ መጀመሪያ የሚያዩት እግር ነው። «ምነው፣ ትንሿ ጣትሽን ምን ነካት?» ካሉ በኋላ ነው ቀና ብለው ማን እንደመጣ የሚያረጋግጡት።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የሰፈር ሰው ያለ አይመስለኝም። ከኳስ ሜዳው አጥር ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል የቆዳ ታኬታ ይሸጣሉ፣ ይጠግናሉ። ግድግዳው ላይ ከካርቶን የተቆረጡ የእግር ቅርጾች በምስማር ተሰቅለዋል፤ ግራና ቀኝ፣ ጥንድ ጥንድ። አንዱም ላይ ስም የለም። «ስም ይመሳሰላል፣ እግር አይመሳሰልም» ይላሉ።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነታቸው፣ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ ሲሰፉ ነው። የፋብሪካው ቡድን ተጫዋቾች ፋብሪካው ራሱ በሠራው ታኬታ ቆስለው ሲያነክሱ፣ ኃላፊው «ኳስ የማይችል ጫማ ያማርራል» እያለ ይስቅ ነበር። እማማ አንዱን ተጫዋች በምሳ ሰዓት ካርቶን ላይ አቁመው እግሩን ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩ። ከፊት እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ ነው፤ የፋብሪካው ልክ ደግሞ እንደ ዓሣ ቀጭን። ሁለቱን ጎን ለጎን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉለት።

«ታዲያ ምን አለ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ምን ይላል! ጫማውን አወለቀና እሱም ተለካ።»

ፋብሪካው ሲዘጋ እሳቸው አሮጌ ፎርማዎችን፣ ማለት ጫማ የሚወጠርባቸውን የእንጨት እግሮች፣ ለምነው ይዘው ወጡ። እስከ ዛሬ የሚሠሩት በእነሱ ነው።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ቀን መጻሕፍት መደብር ትሠራለች፣ ከሥራ ስትወጣ ኳስ ትጫወታለች። ባለፈው ዓመት ታኬታ ልንገዛ በጠዋት ሄድን።

«ጠዋት አልሸጥም። ከሰዓት ተመለሱ።»

«ምነው እማማ፣ ገበያ ጠሉ እንዴ?» አለች እህቴ።

«ጠዋት እግር ይዋሻል፣ ልጄ። ቆሞ ሲውል ያብጣል፤ እውነተኛ ልኩ ያኔ ነው። የምትጫወቺበትንም ካልሲ አትርሺ።»

ከሰዓት ተመለስን። እህቴን አስቁመው ሁለቱንም እግሮቿን ለኩ፤ ቀኙ ከግራው ትንሽ ይበልጣል። «በትልቁ እንገዛለን፣ ትንሹን በገበር እናባብለዋለን» አሉ። እኔ የልጄን ልብስ ስገዛ እንደለመድኩት «አንድ ቁጥር ከፍ ብናደርግስ? እንዲቆይላት» ብዬ ጥልቅ አልኩ።

«አንቺ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ልታድግ ነው ወይስ ልትጫወት? ቆዳ ራሱ ይለጠጣል። ዛሬ እቅፍ ካላደረጋት በወሩ ጀልባ ይሆንባታል።»

የእህቴም እግር ካርቶን ላይ ተሰምሮ ግድግዳው ላይ ወጣ።

እንግዲህ ያን ያህል ምክር የሰማሁት እኔ ነኝ ባለፈው ዓርብ ጉድ የሠራሁት። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የሴቶች ክለብ ተጫዋች ሊመርጥ ነበር። እህቴ ይህን ቀን ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ሐሙስ ልምምድ ላይ ዝናብ ወርዶ ታኬታዋ በጭቃ ተለውሶ መጣ፤ ዓርብ ጠዋት እንዳለ ትታው ወደ ሥራ ሄደች። ላግዛት ብዬ የሕፃን ልብስ ከዘፈዘፍኩበት ሳሙና ውስጥ ነከርኩት። በብሩሽ ፈተግኩት። ቶሎ እንዲደርቅ ደግሞ ምድጃው ሥር አስቀመጥኩት።

ልጄን አጥቤ፣ አጥብቼ ስመለስ ቆዳው ተኮማትሮ ጣውላ ሆኗል። አፍንጫው ላይ ነጭ ሳሙና ተጋግሯል፣ የአንዱ ሶል ከጎኑ አፉን ከፍቷል። አዲስ እንዳልገዛላት ያልለመደችው ቆዳ በአንድ ጨዋታ ተረከዟን ይልጠዋል። ልጄን አዝዬ፣ ታኬታውን ይዤ እግሬ አውጪኝ ወደ እማማ በረርኩ።

እማማ አንዱን አንስተው አሸተቱት።

«ሳሙና።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሳት።»

«ራቅ አድርጌ ነበር እኮ ያስቀመጥኩት...»

«ራቅ አድርገሽ ጠበስሽዋ! ይቺን ልጅሽን በልብስ ሳሙና ፈትገሽ ምድጃ ሥር ታሰጫታለሽ? ቆዳ ነው እኮ፣ ቆዳ!»

ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ሳቀች። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

«ይድናል? ነገ እኮ ክለቡ ተጫዋች የሚመርጥበት ቀን ነው።»

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«በዘጠኝ።»

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ማሰሪያውን ፍቺልኝ።»

ሳሙናው እስኪለቅ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ጠረጉት፤ ከዚያ በሌላ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃውን ቀስ ብሎ እንዲጠጣ እስከ ምሳ ሰዓት ተዉት። ቆዳው ትንሽ እሺ ሲል ከግድግዳው ላይ የእህቴን ካርቶን አወረዱ። አንድ ጥንድ ፎርማ መርጠው፣ የእሷ እግር ሰፋ በሚልበት ቦታ ቁርጥራጭ ቆዳ እየለጠፉ፣ ካርቶኑ ላይ እያቆሙ አስተያዩ። ፎርማው የእህቴን እግር ሲመስል ወደ ታኬታው ውስጥ ገፋ ያደርጉታል፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ገፋ። የተከፈተውን ሶል በማስቲሽ አጣብቀው አሰሩት። በመጨረሻ ሞራና ሰም አብረው ያቀለጡበትን ቆርቆሮ አመጡና አንዱን ታኬታ ለእኔ ሰጡኝ።

«በጣትሽ እሺው። ብሩሽ የደረቀው የት እንደሆነ አይነግርሽም።»

አውራ ጣቴ እስኪዝል አሸሁ።

«አሁን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያድራል። ተስፋ ግን አልሰጥሽም፣ ቅባት ብቻ ነው የምሰጥሽ።»

ማታ እህቴ «ታኬታዬስ?» ስትል «እማማ ጋ እየተቀባ ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ግማሹ።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት አብረን ሄድን። እማማ ታኬታውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ ንገሪያት። ሳታውቅ አታጠልቀውም።»

ነገርኳት።

«እትዬ! በሳሙና?»

«በሳሙና።»

«ከዚያ ምድጃ?»

«ከዚያ ምድጃ።»

ካልሲዋን አደረገችና ቀኙን አጠለቀች፤ ገባ። ግራው ተረከዙ ላይ ያዘ። እማማ አስቆሟት፤ ሰውነቷን ስትጥልበት ገባ። ተራመደች፣ ቁጢጥ አለች፣ ዘለለች።

«ግራው እዚህ ጋ ይቆነጥጠኛል።»

አስወልቀው በመዶሻ እጀታ ከውስጥ ቦታውን ጫን ጫን አድርገው መለሱላት።

«አሁንስ?»

ጥቂት ሮጥ ሮጥ አለችና ተመለሰች። «አሁን የኔ ነው።»

ቀኝ ተመላላሽ ተከላካይ ሆና ወደ ምርጫው ጨዋታ ገባች። እኔና እማማ አጥሩ ጋ ቆምን። አንዲትም ኳስ አላየሁም፤ የማየው ግራ ተረከዟን ነበር። አንዴ ቆም ብላ ጎንበስ ስትል የእማማን ክንድ ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። ማሰሪያዋን አጥብቃ መሮጧን ቀጠለች። ሲያልቅ የክለቡ አሠልጣኝ የመረጠቻቸውን፣ ሰኞ የሚመለሱትን፣ በመለያ ቁጥር ጠራች። ስድስተኛ የተጠራው የእህቴ ቁጥር ነበር።

ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ካልሲዋን ስታወልቅ ሮጬ ተረከዟን ያዝኩ። ትንሽ ቀልቷል፤ አልተላጠም። ያኔ እንባዬ አመለጠኝ።

«ቁጥሬን ሲጠሩ ያልዘለልሽ ሴትዮ ለተረከዜ ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

ደስታዬ ሥራ ፈላጊ አደረገኝ መሰለኝ፣ በጭቃ የተለወሰውን ታኬታ ላነሳላት እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪው!» አሉ እማማና እህቴ በአንድ አፍ።

ተውኩት። ኧረ ደስ እያለኝ ነው የተውኩት።