የእንጉዳዩ ሩዝ ቀማሽ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። አራተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቴን ትቻለሁ፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ይህን ግን ለማንም ስላልነገርሁት ልጻፈው።

እናቴ ስትሞት ከወሎ መቀሌ የመጣሁት አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ የአንድ ጣሊያን መሐንዲስ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እኔ አጋዧ። መቀሌ ብዙ ስለኖረች «ጓለይ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። እንዲህ ስትለኝ እናቴ የተመለሰች ይመስለኝ ነበር።

ሰውዬውን ሆዱን ስለሚያመው ሐኪም ያልተፈተገ ሩዝ አዞለታል። ቡናማ፣ ልበ ደረቅ እህል ነው፤ ከዋዜማው ካልተዘፈዘፈ አይበስልም። በፍልሰታ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ እንጉዳይ ጨምረን እንድንሠራለት አዘዘ። አክስቴ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ወሰደችኝ። «ይህን ንቀዪ። ያንን ተዪው፣ የጅብ ጥላ ነው፣ ይገድላል» እያለች አስለቀመችኝ። እሷ ያላሳየችኝን አንድም አልነቀልሁም።

ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላሁ፤ እንጉዳዩ ውሃውን እስኪመጥ ጠበቅሁና ሩዙን ጨመርሁ።

«ቅቤ እንዳታስነኪው» አለችኝ፤ «የተረፈውን እኛ እንበላዋለን።»

ደስ አለኝ። ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን።

ቅዳሴ ወጥቶ እኛም እንጀራ በሽሮ ቀምሰን ካበቃን በኋላ የሰውዬው ገበታ ቀረበ። ሰውዬው ሳህኑን ወደ አክስቴ ገፋው። የሠራ ሰው አስቀድሞ እንዲቀምስ ልማዳችን መሆኑን ከኛው ተምሯል።

«ቅመሺ» አላት በአማርኛ።

አክስቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ጌታዬ፣ ቅቤ አለበት፤ እኔ ጾመኛ ነኝ። ይቺ ልጅ ናት፣ አትጾምም። እንጉዳዩንም የለቀመችው እሷ ናት።»

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሚገድለውን ከማይገድለው ለይታ አታውቅም ነበር። «ቅቤ የለበትም» ብል ውሸቷ ይወጣል፣ ሁለታችንም እንባረራለን። ደግሞስ ድምፄ የት አለና?

ማንኪያውን አነሳሁ። ይጣፍጥ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሰውዬው ግድግዳ ሥር አቁሞኝ ሰዓቱን እያየ ቆየ። አለመውደቄን ሲያረጋግጥ በላ። «ብራቫ!» አለ፣ ጎበዝ ማለቱ ነው፤ ያለው ግን ለአክስቴ ነው።

ወጥ ቤት ስንመለስ የተረፈውን ለሁለት ከፈለችው። የኔን አልነካሁትም። እሷ በሰፊው እየጎረሰች ሳቀችብኝ።

«ምን ያስኮርፍሻል፣ ጓለይ? አልሞትሽም እኮ!»