ማይኩን ያበራሁ ቀን

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ዓመት እናቴ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባላት የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ እውል ነበር። ደንበኛ የምታናግረው እሷ ናት። እኔ ከባልዲዎቹ ጀርባ ለመመረቂያ ጽሑፌ የተገዛልኝን ላፕቶፕ ከፍቼ እቀመጣለሁ። "ይቺ ልጅ አፏን የት ጥላው ይሆን የመጣችው?" ትላለች ለጎረቤት ነጋዴዎች፤ እነሱም ይስቃሉ። የሥራ ማስታወቂያ የማነብ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር።

በኋላ አንድ ጌም አወረድኩ። በጠፈር መርከብ ማዕድን የሚወጣበት፣ የሚነገድበትና የሚዋጉበት ነው፤ በጣም ከባድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ገና ሳይገባው ይተወዋል። እኔም ልተወው ስል ሐበሾች ያቋቋሙት አንድ ቡድን ጀማሪ እንደሚቀበል አየሁና ገባሁ። እነሱ በድምፅ ነው የሚያወሩት።

"ማይክ የለህም?" አሉኝ።

"ተበላሽቷል" ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልሆነም ነበር። ድምፄን የማያውቀው ሰው ፊት ማውጣት ስለምፈራ ነው። ወንድ ነኝ አላልኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያዋ መርከቤ ተቃጠለች። ራሴ ነኝ ቀጥታ ጠላት ላይ የነዳኋት። ስድብ ስጠብቅ ጆሮዬ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ።

"አቦ እንኳን ደስ አለህ!" አለ የድሬዳዋው ልጅ፣ የቡድኑ ቀልደኛ። "እኔ ዓይን የሌለው ሹፌር አይቼ አላውቅም!"

"አሁን ገና የእኛ ሰው ሆነሃል" አለ ሌላው።

ልማዳቸው ነበር። ጀማሪ መጀመሪያ ሲከስር መርከቦቻቸውን ፍርስራሹ ዙሪያ ይሰበስቡና ርችት ይተኩሳሉ፤ ከዚያ አዲስ መርከብ ይሰጡታል። እኔ ብርጭቆ ሰብሬ እንኳ ሳምንት ሙሉ የሚነገርብኝ ሰው ነኝ። ከባልዲዎቹ ጀርባ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

እናቴ ዞር አለች። "ምነው? ሥራ ተገኘ?"

ከዚያ ወዲያ ስገባ የሚጠብቁኝ ሰዎች ነበሩኝ። ስዘገይ "የት ጠፍተህ ነው፣ አንተ ሰነፍ?" ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል። የቡድኑን መሪ አለቃ ነው የምንለው፤ ረጋ ያለ ድምፅ ያለው፣ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ማስረዳት የማይታክተው ሰው። ቃኚ እንድሆን የመረጠኝ እሱ ነው። ቃኚ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ይሄዳል፣ ተደብቆ ያያል፣ ያየውን ይነግራል። ዝም ብሎ ማየት ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ቻልኩበት። ካለ እኔ ቅኝት ጭነት አይንቀሳቀስም ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የወራት ልፋታችንን ጭነን ስንጓዝ ጠላት ከኋላ መጣ። ጻፍኩ። ሁሉም እየተጯጯሁ ስለነበር ያነበበኝ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ራሱ ማይኩን አበራው።

"አለቃ፣ ከኋላችሁ ናቸው! ወደ ግራ ውጡ፣ አሁኑኑ!"

ወጡ። አንድም መርከብ አልጠፋም። ግን እልል ያለ አልነበረም።

"ማነው የተናገረው?" አለ አለቃ።

"እኔ ነኝ። ቃኚው።"

"ሴት ነሽ እንዴ?"

"አቦ በናትሽ" አለ የድሬዳዋው ልጅ፣ "ይሄን ሁሉ ጊዜ ስሰድብሽ... ይቅርታ እህቴ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባ ጨዋታው ይቆማል። "ልጆች ሥርዓት፣ እህታችን መጥታለች" ይባላል። አንዱ በግል ፎቶ ጠየቀኝ፤ ሌላው ሀዋሳ የት ሰፈር እንደምኖር። ቀሪዎቹ ጨዋ ነበሩ፤ ክፉዎች ቢሆኑ ቶሎ በወጣሁ። በሳምንቱ አለቃ ቅኝቱን ለሌላ ሰው ሰጠ።

"አንቺ አትድከሚ። መጋዘኑን ጠብቂልን።"

"ቅኝት የእኔ ሥራ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ እህቴ፣ ግን አደጋ አለው።"

"ምን አደጋ አለው? ጌም ነው።"

"አይዞሽ" አለኝ፣ የከፋው ሕፃን የሚያባብል ይመስል።

እምቢ ብዬ ብቻዬን ወጣሁና መርከቤን አቃጠልኳት። ያላገጠብኝ አልነበረም። "ምንም አይደል፣ እንተካልሻለን" አሉኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። በማግስቱ ሳልሰናበት ከቡድኑ ወጣሁ።

አንድ ወር ያለ እነሱ ለመኖር ሞከርኩ። ሌሎች ቡድኖች ውስጥ ገባሁ፣ ብቻዬን ተጫወትኩ፣ መሐል ከተማ ያሉ ቢሮዎች ማመልከቻ ይዤ ዞርኩ። ከዚያ አዲስ አካውንት ከፈትኩ፣ የወንድ ስም አወጣሁለትና ወደ እነሱ ተመለስኩ። ማይክ እንደሌለኝ ጻፍኩ። የማውቀውን ሁሉ አዲስ የተማርኩት አስመስዬ ቀስ በቀስ አሳየሁ። ብዙ ሳልቆይ ቅኝት ሰጡኝ።

አንድ ቀን ከፊታቸው ሆኜ መንገዱን ስቃኝ የድሬዳዋው ልጅ "ያቺ የሀዋሳ ልጅ ግን ጠፋች አይደል?" አለ።

"ጥሩ ልጅ ነበረች" አለ አለቃ። "ጌሙ ከበዳት መሰለኝ።"

"ለሴት ይከብዳላ" አለ አንዱ፤ ሁሉም ተስማሙ።

ማይኩ አጠገቤ ነበር። አካባቢውን አንዴ ተመለከትኩና "መንገዱ ሰላም ነው፣ እለፉ" ብዬ ጻፍኩላቸው።

"ተባረክ ወንድሜ" አለ አለቃ።